የባለወፍጮው ልጅ ሬምብራንት

በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 8 የተጻፈውን የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ታሪክ ከመካከላችን የማያውቅ የለም። የንግሥት ህንደኬ ባለሟልና የገንዘቧ ሁሉ አዛዥ የነበረው ይህ ሰው ኢየሩሳሌም ሰግዶ ሲመለስ፣ በሠረገላው ላይ ተቀምጦ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ሲያነብ ፊልጶስ ተገናኘው፤ በመንገድ ዳር ባገኙትም ውሃ አጠመቀው። ይህን ታሪክ ከልጅነታችን ጀምረን ስንሰማው አድገናል። ነገር ግን በ1626 ዓ.ም. አንድ የሃያ ዓመት የሆላንድ ወጣት ይህንኑ ታሪክ በእንጨት ገበታ ላይ እንደ ሳለው የምናውቅ ጥቂቶች ነን። ወጣቱ ኢትዮጵያን ማየት ቀርቶ ዕድሜውን በሙሉ ከአገሩ ድንበር ማለፉ የማይታወቅ ሰው ነው። ስሙም ሬምብራንት ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።)

ሬምብራንት ያን ሥዕል ከሳለ በኋላ ሌላ 43 ዓመት ኖረ። በነዚያ ዓመታት ውስጥ በወጣትነቱ ወደ ሳላቸው ታሪኮች ደጋግሞ እየተመለሰ እንደ አዲስ ይስላቸው ነበር። እኛም ስለዚህ ሠዓሊ ለመጻፍ የተነሣነው በዚህ ምክንያት ነው፤ የአንድ ሰው ጥበብ እንዴት እንደሚያድግ ለማወቅ፣ አንዱን ታሪክ በወጣትነቱ እንዴት ሳለው፣ በሽምግልናውስ እንዴት ሳለው ብሎ ጎን ለጎን ከማስተያየት የተሻለ መንገድ አላገኘንም።

የሬምብራንት የትውልድ ከተማ ሌይደን ናት፤ የተወለደውም በጁላይ 15 ቀን 1606 ዓ.ም. ነው። አባቱ በራይን ወንዝ ዳር የነፋስ ወፍጮ የነበረው ብቅል ፈጪ ነበር፤ እናቱም የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነበረች። ፋን ራይን የሚለው የቤተ ሰቡ ስም የመጣው ከዚያው ወንዝ ነው። እሱ ለወላጆቹ ዘጠነኛ ልጅ ነው። ቤተ ሰቡ ባለጠጋ ባይባልም የተቸገረ አልነበረምና ልጁን ወደ ላቲን ትምህርት ቤት ሰደዱት፤ በ1620 ዓ.ም.ም ገና 14 ዓመት ሳይሞላው ስሙ በሌይደን ዩኒቨርስቲ መዝገብ ተጻፈ። ወላጆቹ ልጃችን ሊቅ ወይም ሹም ይሆንልናል ብለው ሳይመኙ አልቀሩም። ልጁ ግን ከሥዕል በቀር ሌላ ነገር አልሻም አለ። ይህን የምታነቡ ወላጆች ያን ጊዜ ባለወፍጮው ምን እንደ ተሰማው ከኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ሆኖም አባትየው አልከለከለውም፤ ያዕቆብ ፋን ስዋነንቡርህ ለሚባል የከተማው ሠዓሊ ደቀ መዝሙር እንዲሆን ሰጠው።

በዚህ መምህር ዘንድ ሦስት ዓመት ያህል ተቀመጠ። በዚያ ዘመን የሠዓሊ ተማሪ ብሩሽ ከመያዙ በፊት ቀለሙን በድንጋይ ላይ መፍጨትን፣ ከተልባ ዘይት ጋራ መለወስን፣ ገበታውን መላግና መቀባትን ይማር ነበር። የቆሎ ተማሪ ፊደል ሳይለይ ወደ ዜማ እንደማይገባ ያለ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ አምስተርዳም ሄዶ በዝነኛው ሠዓሊ በፒተር ላስትማን ዘንድ ስድስት ወር ያህል ተማረ። ስድስት ወር አጭር ነው፤ ነገር ግን ከሦስቱ ዓመት ይልቅ የጠቀመው ይህ ነው። ላስትማን ኢጣሊያ ደርሶ የተመለሰ ሰው ነበር፤ የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ ሲስል ሰዎቹን በእጃቸው፣ በፊታቸውና በአቋማቸው እንዲናገሩ ያደርጋቸው ነበር። የጃንደረባውንም ጥምቀት ከአንድ ጊዜ በላይ ስሎታል። ሬምብራንት ወደ ሌይደን ተመልሶ የራሱን ሥራ ሲጀምር ይህንኑ የመምህሩን ታሪክ አነሣ።

እንግዲህ ወደዚያ ወደ 1626ቱ ሥዕል እንመለስ። ገበታው 64 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት ያለው ትንሽ ነገር ነው፤ ውስጡ ግን እንደ ገበያ ቀን የተጨናነቀ ነው። ጃንደረባው ጌጠኛ ልብስ ለብሶ ተንበርክኳል፤ ፊልጶስ በላዩ ቆሟል፤ አገልጋዮቹ ከበዋቸዋል፤ ከአገልጋዮቹም አንዱ መጽሐፉን ይዟል። በኋላቸው ሠረገላው፣ ፈረሶቹና ፈረሰኛው እርስ በርሳቸው ተደራርበው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ከታች ደግሞ አንድ ውሻ አለ። ቀለሙ ብሩህ ነው፤ ሁሉም ሰው፣ ሁሉም ዕቃ ተመልከቱኝ ይላል። ወጣቱ ሠዓሊ የሚያውቀውን ሁሉ በአንድ ቀን ለማሳየት የቸኰለ ይመስላል። እኛም በመጀመሪያ ድርሰታችን ያወቅናቸውን ከባድ ቃላት ሁሉ ስለ ከተትን በዚህ አንስቅበትም። ይህ ሥዕል ለረጅም ዘመን የማን እጅ እንደ ሆነ ሳይታወቅ ቆይቶ የሬምብራንት መሆኑ የታወቀው በ1970ዎቹ ዓመታት ነው፤ አሁን በኡትሬክት ከተማ ካታሪነኮንቬንት በሚባለው ቤተ መዘክር ይገኛል።

በሌይደን ጃን ሊቨንስ የሚባል ጓደኛ ነበረው። ሁለቱም ወጣቶች አንዱ ሌላውን ለመብለጥ እየተፎካከሩ ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር። በዚህ ጊዜ ነው ሬምብራንት ሁለቱን ዋና መሣሪያዎቹን ያገኘው፤ አንዱ መስተዋት ነው፤ ሁለተኛው ጨለማ ነው።

መስተዋቱን ያገኘው እንዲህ ነው። የሰው ልጅ ሲደነግጥ፣ ሲቈጣ፣ ሲስቅ ፊቱ እንዴት እንደሚለወጥ ለማጥናት የፈለገ ሠዓሊ ሰው ቀጥሮ ቀኑን ሙሉ ደንግጥልኝ ማለት አይችልም። ስለዚህ በመስተዋት ፊት ተቀምጦ በገዛ ፊቱ ይለማመድ ጀመር። በ1630 ዓ.ም. በመዳብ ላይ የቀረጻቸው ትንንሽ ሥዕሎች አፉን ከፍቶ ሲጮኽ፣ ዓይኑን አፍጥጦ ሲደነግጥ፣ ሲስቅም ያሳዩታል። ይህን ልማድ እስኪሞት ድረስ አልተወውም፤ በዘይት ቀለም፣ በመዳብና በወረቀት ላይ ያለው የራሱ መልክ ተቈጥሮ ወደ 80 ይደርሳል። በ1628 ዓ.ም. ግድም በሳለው በአንዱ ላይ ፊቱ ከሞላ ጐደል በጥላ ተሸፍኖ ጉንጩና ጆሮው ብቻ ብርሃን ያገኛሉ፤ የጠጉሩንም ጥቅል የሠራው በብሩሹ ጭራ እርጥቡን ቀለም በመጫር ነው። ቀለም መቀባት ብቻ ሳይሆን መጫርም ሥዕል እንደሚሆን ያወቀ ልጅ ነበር።

ስለ ጨለማው ደግሞ የኤማሁስን ሥዕል ማንሣት ይበቃል። ከትንሣኤው በኋላ ሁለቱ መንገደኞች ጌታ ኢየሱስን ያወቁት እንጀራውን ሲቈርስ መሆኑ የታወቀ ነው። ሬምብራንት ይህን በ1628 ዓ.ም. ገደማ ሲስል ጌታን ከመብራቱ ፊት አስቀመጠው፤ ስለዚህ የሚታየው እንደ ጥቁር ጥላ የጎኑ ቅርጽ ብቻ ነው። አንደኛው ደቀ መዝሙር በድንጋጤ ወደ ኋላ ይላል፤ ሁለተኛው በጨለማው ውስጥ በጌታ እግር ሥር ወድቋል። አሳቡ እጅግ ብልህ ነው፤ ዋናውን ሰው በማሳየት ፈንታ በመሰወር ገለጠው። ነገር ግን ተመልካቹ ከጌታ ይልቅ የሠዓሊውን ብልሃት አድንቆ ይሄዳል ብንል የምንሳሳት አይመስለንም።

በዚያው ጊዜ ይሁዳ ሠላሳውን ብር ሲመልስ የሚያሳየውን ሥዕል በ1629 ዓ.ም. ፈጸመ። ሥዕሉ በራጅ ሲመረመር ሬምብራንት ሐሳቡን እየለወጠ ደጋግሞ እንደ ሠራው ታይቷል። የሆላንዱ መስፍን ጸሓፊ ኮንስታንቲን ሆይኸንስ ይህን የይሁዳን ሥዕል አይቶ በጽሑፉ እጅግ አመሰገነው፤ ጺም ያላወጣ የባለወፍጮ ልጅ ይህን መሥራቱ አስደንቆት ነበር። ግን ሁለቱ ወጣቶች ወደ ኢጣሊያ ሄደው የታላላቆቹን ሥራ ባለማየታቸው ነቀፋቸው። እነሱም ጊዜ የለንም አሉ። ሬምብራንት ኢጣሊያን ሳያይ ሞተ፤ የኢጣሊያ ጌቶችን ያወቃቸው በአገሩ እየተሸጡ በሚመጡት ሥዕሎችና በታተሙት ቅጂዎች ነው።

በ1631 ዓ.ም. ገደማ ወደ አምስተርዳም ተሻገረ። ከተማይቱ በመርከብ ንግድ በልጽጋ የዓለም ሀብት የሚራገፍባት ነበረች፤ ነጋዴዎቿም መልካቸውን ማስሳል ይወዱ ነበር። ሬምብራንት በ1632 ዓ.ም. ዶክተር ቱልፕ የሰውን ሬሳ ከፍቶ ሲያስተምር የሚያሳየውን ሥዕል ሠራና ስሙ በአንድ ጊዜ ተጠራ። በ1634 ዓ.ም. ሳስኪያ የምትባል የደኅና ቤተ ሰብ ልጅ አገባ። ተማሪዎችም ከየአቅጣጫው መጡለት፤ ኸቨርት ፍሊንክ፣ ፈርዲናንድ ቦል፣ ካረል ፋብሪሲየስ ሁሉም በእሱ እጅ ያለፉ ናቸው። የመጀመሪያውን የፍሊንክን ስም አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ በኋላ እንፈልገዋለን። በ1639 ዓ.ም. በ13,000 ጊልደር ትልቅ ቤት ገዛ፤ ይህም የሚበዛው ዱቤ ነበር። ገንዘብ አያያዝ አያውቅም ነበር ማለት ስሙን ማጥፋት አይሆንብንም። በየጨረታው እየተገኘ የታተሙ ሥዕሎችን፣ የሮማውያንን ቅርጻ ቅርጾች፣ የጦር መሣሪያ፣ የባሕር ዛጎል፣ ከሕንድ አገር የመጡ ትንንሽ ሥዕሎችንም ሳይቀር ይገዛ ነበር። እነዚያን የሕንድ ሥዕሎች በወረቀት እየገለበጠ አጥንቷቸዋል። ሀብቱን የጨረሰበት ዕቃ ሁሉ ትምህርት ቤቱ ነበር።

የዚህ ዘመን ሥራው ድምፅ የበዛበት ነው። የሶምሶንን ዓይን መውጣት በ1636 ዓ.ም. ሲስል ጩቤው፣ ደሙ፣ የእግሩ ጣቶች ቁርጥማት ሳይቀር ይታያል። በዚያው ዓመት የጠፋውን ልጅ መመለስ በመዳብ ቀረጸ፤ አባትየው እየተጣደፈ ወጥቶ ይጐነበሳል፤ ልጁ ከስቶ አጥንቱ ገጥጧል፤ አገልጋዮችም ልብስና ጫማ ይዘው ይወርዳሉ። መልካም ሥራ ነው፤ ግን ይህን ሥዕልም ለኋላ ያዙልን።

ስለ መዳቡ ሥራ ጥቂት ማብራራት አለብን፤ ሬምብራንት በሌሎች አገሮች በሕይወቱ ሳለ የታወቀው የበለጠ በዚህ ነውና። የመዳቡ ሉህ ስስ ሰም ይቀባል፤ ሠዓሊው በመርፌ ሰሙን እየጫረ ይስላል፤ ከዚያ ሉሁ አሲድ ውስጥ ሲገባ ሰሙ በተጫረበት ሁሉ አሲዱ መዳቡን ይበላዋል። በጕድጓዱ ቀለም ተሞልቶ በእርጥብ ወረቀት ላይ ሲጫኑት ሥዕሉ ይወጣል። ጥቅሙ ብዙ ቅጂ ማውጣት ብቻ አይደለም፤ ሠዓሊው አንድ ቅጂ አውጥቶ ካየ በኋላ መዳቡን ፍቆ እንደገና መለወጥ ይችላል። ለሬምብራንት ይህ እንደ ልቡ ሆነለት። ሦስቱ መስቀሎች የተባለውን የስቅለት ሥዕል በ1653 ዓ.ም. አወጣው፤ ከዓመታት በኋላ ግን መዳቡን አንሥቶ የሚበዙትን ሰዎች ፋቃቸው፣ ሌሎች ፈረሰኞች አስገባ፣ ሥዕሉን በሙሉ በጥቁር መስመር እንደ ዝናም አለበሰው። የፊተኛውና የኋለኛው ቅጂ የአንድ መዳብ ልጆች ናቸው ቢባል የሚያምን የለም።

የጃንደረባውንም ታሪክ በመዳብ የመለሰው በ1641 ዓ.ም. ነው። እዚህ መስመሩ ቀጭንና ጥቂት ነው፤ ብዙው ወረቀት ባዶ ቀርቷል። ፈረሰኛው አሁንም አለ፤ ግን ያ የሃያ ዓመቱ ግርግር የለም፤ ሰዎቹ በሰፊ ሜዳ ላይ አየር ያገኙ ይመስላሉ። በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ መተው የሚባለውን ነገር ተምሯል።

በ1642 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች ሆኑ። አንደኛው የሌሊቱ ዘብ የሚባለው ታላቅ ሥዕል መፈጸሙ ነው። የከተማው ጠባቂዎች ማኅበር ከሻምበላቸው ከፍራንስ ባኒንክ ኮክ ጋራ እንዲሳሉ እያንዳንዳቸው በአማካይ 100 ጊልደር ያህል አዋጥተው ነበር። የዘመኑ ልማድ ሰዎቹን እንደ ክፍል ፎቶግራፍ ደርድሮ ማስቀመጥ ነበር። ሬምብራንት ግን ጭፍራው ሊወጣ ሲነቃነቅ ሳላቸው፤ አንዱ ጠመንጃ ያጐርሳል፣ ሌላው ከበሮ ይመታል፣ አንዲት ትንሽ ልጅም በመካከል በብርሃን ታልፋለች። ከፋዮቹ ተቈጥተው ሥዕሉን አንቀበልም አሉ የሚለውን ወሬ በብዙ መጽሐፍ እናነባለን፤ ነገር ግን ለዚህ ማስረጃ የለውም፤ ሥዕሉ ተከፍሎበት በአዳራሻቸው ተሰቅሏል። የሌሊት መባሉም ስሕተት ነው፤ ቀኑን ያጨለመው ከጊዜ ብዛት የጠቈረው ቫርኒሽና እድፍ ነበር። በ1715 ዓ.ም. ወደ ከተማው ምክር ቤት ሲዛወር ለግድግዳው አልበቃ ብሎ በአራቱም ጎን ቈረጡት። በአምስተርዳም ከ2019 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገው ምርመራ ከቀለሙ ሥር ሠዓሊው በመጀመሪያ የነደፈበት ኖራ የበዛበት መስመር ተገኝቷል፤ እየሠራ ሐሳቡን መለወጡም በዚህ ታይቷል። ሥዕሉን ሊሠራ ሲነሣ ሁሉን ያወቀ ሰው አልነበረም፤ እየሠራ ነው የሚያውቀው።

ሁለተኛው የሳስኪያ መሞት ነው። አስቀድሞ ሦስት ልጆች ተወልደው በሕፃንነታቸው ሞተውባቸው ነበር፤ በ1641 ዓ.ም. የተወለደው ቲቶ ብቻ ቀረ። ከዚያ በኋላ በሬምብራንት ቤት የሆነውን ሁሉ ለማመስገን አንችልም። የቲቶ ሞግዚት የነበረችው ኼርቸ ዲርክስ ሊያገባኝ ቃል ገብቷል ብላ ከሰሰችው፤ ዳኞችም በየዓመቱ 200 ጊልደር እንዲሰጣት ፈረዱበት፤ እሱ ግን በ1650 ዓ.ም. በኋዳ ከተማ ወደ ማረሚያ ቤት እንድትገባ ረዳ፤ እዚያም አምስት ዓመት ያህል ቆየች። የሰውን ፊት እንዲህ አድርጎ ያነበበ ሰው በዚህች ሴት ላይ ይህን ማድረጉ እኛን እጅግ አሳዝኖናል። ከዚያም ሄንድሪክየ ስቶፍልስ የምትባል አብራው ኖረች። የሳስኪያ ኑዛዜ ሬምብራንት ሌላ ሚስት ቢያገባ ከርስቷ የሚያገኘውን ጥቅም የሚያሳጣው ነበርና አላገባትም፤ በዚህም ምክንያት በ1654 ዓ.ም. የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጠርተው ገሠጿት፤ ከቅዱስ ቁርባንም ከለከሏት። በዚያው ዓመት ኮርኔሊያ የምትባል ልጅ ወለደችለት።

ሥራው ግን ጸጥ እያለ ሄደ። በ1648 ዓ.ም. ኤማሁስን ሁለተኛ ሳለ፤ ይህ አሁን በፓሪስ በሉቭር ይገኛል። በዚህኛው ጌታ ፊቱን ወደኛ አዙሮ በማዕድ ተቀምጧል፤ እንጀራውን ይቈርሳል፤ ከኋላው ያለው ግድግዳ ሰፊና ባዶ ነው። የሚወድቅ የለም፤ የሚጮኽ የለም። አንደኛው ደቀ መዝሙር እጁን ወደ አፉ አስጠግቷል፤ ብላቴናው አገልጋይ ምንም አላወቀም፤ ሳህኑን ይዞ ይመጣል። የሃያ ሁለት ዓመቱ ሠዓሊ ተአምሩን በብልሃት አሳየን፤ የአርባ ሁለት ዓመቱ ግን ዝም ብሎ ተቀመጠና እስኪታየን ድረስ ጠበቀን። ሁለቱን አስተያይተን ስንጨርስ ከመካከላችን ፊተኛውን የመረጡ ነበሩ፤ ክርክሩም ገና አላበቃም።

የአምስተርዳም ሰዎች ግን ፊተኛውን የመረጡ ይመስላል። የጊዜው ፈሊጥ ልስልስና ብሩህ ሥዕል ሆነ፤ የብሩሽ ምልክት የማይታይበት፣ እንደ መስተዋት የጠራ። የእሱ ተማሪዎች ይህን ፈሊጥ ተከትለው ሲበለጽጉ ሬምብራንት ወደ ሌላው መንገድ ሄደ። ቀለሙን ያወፍረው ጀመር፤ በብሩሽ ብቻ ሳይሆን በስለት ይለጥፈው ነበር። በ1665 ዓ.ም. ገደማ በሳለው የአይሁድ ሙሽራ በተባለው ሥዕል የሰውየው የወርቅ እጅጌ በቅርብ ሲታይ የደረቀ ጭቃ ክምር ይመስላል፤ ራቅ ሲሉ ብቻ ወርቅ ይሆናል። ሊጐበኙት የመጡ ሰዎች ወደ ሸራው ሲጠጉ የቀለሙ ሽታ ይጐዳችኋል እያለ ይመልሳቸው ነበር ተብሎ ይተረካል።

ዕዳው ግን አልጠበቀውም። በ1656 ዓ.ም. ዕዳውን ለመክፈል አለመቻሉን አስታውቆ ንብረቱን ለፍርድ ሹሞች አስረከበ፤ በቤቱ ያለውም ዕቃ በ363 ተራ ቍጥር ተመዘገበ። ያ ሁሉ የሰበሰበው ሥዕልና ቅርጽ፣ መሣሪያና ዛጎል በጨረታ ተበተነ፤ ቤቱም በ1658 ዓ.ም. በ11,218 ጊልደር ተሸጠ። ወደ ደሀ ሰፈር ወደ አንድ የኪራይ ቤት ተዛወሩ። በ1660 ዓ.ም. ሄንድሪክየና ቲቶ የሥዕል ንግድ ማኅበር አቋቋሙ፤ ሬምብራንትም በዚያ ማኅበር ውስጥ ተቀጣሪ ሆነ፤ ይህም የሚሠራውን አበዳሪዎች እንዳይወስዱበት ነው። ታላቁ ሠዓሊ የገዛ ልጁ ሎሌ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ፍሊንክን እንፈልገዋለን። አምስተርዳም አዲስ የምክር ቤት ሕንፃ ሠርታ ግድግዳውን በሥዕል ለማስጌጥ ስትነሣ ሥራው የተሰጠው ለሬምብራንት ሳይሆን ለቀድሞ ተማሪው ለፍሊንክ ነበር። ፍሊንክ ግን በ1660 ዓ.ም. በድንገት ሞተ፤ ሥራውም ለብዙ ሠዓሊዎች ሲከፋፈል አንዱ ለሬምብራንት ደረሰው። የጥንት የሆላንድ ሰዎች በሮማውያን ላይ ለመነሣት ከአለቃቸው ከክላውዲየስ ሲቪሊስ ጋራ ሲማማሉ መሳል ነበረበት። ሲቪሊስ አንድ ዓይኑ የጠፋ ሰው ነበር፤ ሌሎች ሠዓሊዎች ጉድለቱን ለመሰወር በጎኑ ይስሉት ነበር። ሬምብራንት ግን ፊት ለፊት አስቀምጦ የጠፋውን ዓይን አሳየ፤ አርበኞቹንም ሌሊት በመብራት ዙሪያ እንደ ተሰበሰቡ ሽፍቶች አድርጎ ሳላቸው። ሥዕሉ ቁመቱም ጐኑም ከአምስት ሜትር በላይ ነበር። በ1662 ዓ.ም. ከግድግዳው አወረዱት፤ በቦታውም በችኰላ የተጨረሰ የሌላ ሰው ሥዕል ሰቀሉ። ሸራው ተቈርጦ መካከለኛው ክፍል ብቻ ቀረ፤ 196 በ309 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ዛሬ በስዊድን አገር በስቶክሆልም ይገኛል። ጥቂት ለስለስ ቢያደርገው፣ ያን ዓይን ቢሸፍነው ኖሮ ገንዘቡም ስሙም ይመለስለት ነበር። በዚያ ጊዜ ቤቱ ምን ያህል ችግር እንደ ነበረ እያወቅን ይህን ስናስብ፣ ያደረገው ጀግንነት ነው ወይስ እልከኝነት ብለን መፍረድ ያስቸግረናል።

በዚሁ ዘመን፣ በ1661 ዓ.ም. የሳላት አንዲት ሥዕል አለች። ሁለት ጥቁር ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው ራሱን ወደ ሌላው ትከሻ ዘንበል አድርጓል። በሬምብራንት ሰፈር አጠገብ ጥቂት አፍሪካውያን ይኖሩ እንደ ነበር ከከተማይቱ መዝገብ ታውቋል፤ እነዚህ ሁለቱ ከዚያ እንደ ሆኑ ይገመታል እንጂ ኢትዮጵያውያን ናቸው አንልም። ሥዕሏ ከቡናማና ከግራጫ በቀር ቀለም የላትም ማለት ይቻላል። ሠረገላ የለ፣ ጌጥ የለ፣ ውሻ የለ። በ1626 ዓ.ም. ጥቁሩን ሰው ስለ ልብሱና ስለ ግርማው የሳለ እጅ፣ ከ35 ዓመት በኋላ ስለ ድካሙና ስለ ወዳጅነቱ ሳለው። በሄግ ከተማ በማውሪትስሃውስ ቤተ መዘክር የምትገኘውን ይህችን ሥዕል በመጽሐፍ ያገኘ የኛ ትምህርት ቤት ተማሪ ከጃንደረባው ሥዕል አጠገብ አድርጎ ቢያያት እንወዳለን።

በ1663 ዓ.ም. ሄንድሪክየ ሞተች። ቲቶ በ1668 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አግብቶ በመስከረም ወር ግድም ሞተ፤ ልጁ ቲቲያ የተወለደችው አባቷ ከሞተ በኋላ በ1669 ዓ.ም. ነው። የጠፋው ልጅ መመለስ የሚባለውን ትልቁን ሥዕል ሬምብራንት የሠራው በነዚህ የመጨረሻ ዓመታት ነው፤ አሁን በሩስያ አገር በሴንት ፒተርስበርግ በኤርሚታዥ ይገኛል። በ1636 ዓ.ም. የተጣደፈው አባት አሁን አይሮጥም። የደከመ ሽማግሌ ነው፤ ዓይኑም የሚያይ አይመስልም፤ ሁለት እጁን በልጁ ጀርባ ላይ አኑሮ ቆሟል። የልጁ ፊት ከሞላ ጐደል ተሰውሮብናል፤ የምናየው የተላጨ ራሱን፣ የተቀደደ ልብሱንና ጫማው የወለቀ የቈሰለ የግራ እግሩን ነው። በመዳቡ ላይ ልብስ ይዘው የወረዱት አገልጋዮች የሉም። በጎን የቆሙት ሰዎች ዝም ብለው ያያሉ።

በሞተበት ዓመት እንኳ መስተዋቱን አልተወም። በለንደን ያለው የ1669ኙ የራሱ ሥዕል በራጅ ሲታይ በመጀመሪያ ብሩሽ ይዞ ራሱን ስሎ እንደ ነበር፣ በኋላ ግን ብሩሹን አጥፍቶ እጆቹን አጣጥፎ እንዳስቀመጣቸው ተገኝቷል። ፊቱ ያበጠ፣ አፍንጫው የቀላ የሽማግሌ ፊት ነው፤ ለራሱም አላዳላም።

በኦክቶበር 4 ቀን 1669 ዓ.ም. በ63 ዓመቱ ሞተ፤ በአምስተርዳም በቬስተርከርክ ቤተ ክርስቲያን በኪራይ መቃብር ተቀበረ። በሥራ ቤቱ ሳይፈጸም የቀረ አንድ ሸራ ነበር። የስምዖን ታሪክ ነው። ሬምብራንት ስምዖንን በ1631 ዓ.ም. ሲስለው በታላቅ ቤተ መቅደስ ውስጥ አስቀምጦት ነበር፤ ጣሪያው ከጨለማው በላይ ይወጣል፣ ሊቀ ካህናቱ እጁን ዘርግቷል፣ ማርያምና ዮሴፍ ተንበርክከዋል፣ በደረጃው ላይ ሕዝብ ይርመሰመሳል፤ ስምዖንና ሕፃኑ በዚያ ሁሉ መካከል የብርሃን ነጥብ ያህል ናቸው። በመጨረሻው ሸራ ላይ ቤተ መቅደሱ የለም። ከኋላ በጨለማ የቆመችው ሴት ሌላ እጅ የጨመራት ትሆናለች ይባላል። ስምዖን ዓይኑን ከደን አድርጎ፣ አፉን ጥቂት ከፍቶ፣ ሕፃኑን በሁለት ክንዱ ላይ አስተኝቶታል፤ ጣቶቹም እንዳይጥለው የፈሩ ይመስል ወደ ፊት ተዘርግተው ደርቀዋል። ሸራው የሚገኘው የምክር ቤቱ ሰዎች የመለሱት ሥዕል ባለበት በዚያው በስቶክሆልም ቤተ መዘክር ነው።